ቀኑን ቁጠሪ፣ አንገትሽን መዳበስ ተዪ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ተጣልተን ለጥቂት ወራት ተለያይተን ነበር። በዚያ መሀል አንድ ሰው ተዋወቅኩና አንድ ቀን አብረን አደርን። ኮንዶም ተጠቅመን ነበር፣ ግን ተቀደደ። ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው። በማግሥቱ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ወሰድኩ፣ የወር አበባዬም መጥቷል። ኤች አይ ቪ ግን ያኔ በሐሳቤም አልመጣም። በስድስተኛው ቀን ደንግጬ ተመረመርኩ፣ ኔጋቲቭ ነሽ አሉኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ኢንተርኔት ላይ "ገና ነው፣ አይታይም" የሚል አነበብኩ። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት እንዳለ ያወቅኩትም ያኔ ነው። ጸጸቱ ያንገበግበኛል።

ዛሬ 33ኛ ቀኔ ነው። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ደረቴ ላይ ሽፍታ አይቻለሁ። ሌሊት ያልበኛል፣ ኪሎ ቀንሻለሁ፣ አንገቴ ላይ ዕጢ አለ። ስልኬ ላይ ስፈልግ ይነጋል። ባለፈው ሳምንት ልመረመር ሄጄ ከበሩ ላይ እግሬ አውጪኝ ብዬ ተመለስኩ። ሰውየውን ስጠይቀው "እኔ ጤነኛ ነኝ" አለኝ፤ ተመርምሮ ግን አያውቅም። አሁን ከእጮኛዬ ጋር ታርቀናል። ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። ምን እለዋለሁ? የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ፖዘቲቭ ከሆንኩ መኖር አልፈልግም።

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻዋ መስመርሽ ልጀምር። "መኖር አልፈልግም" የሚለው ሐሳብ መጣ ሄድ የሚልብሽ ከሆነ ዛሬውኑ ለምታምኝው ሰው በአፍሽ ንገሪው። ስለ ግንኙነቱም ስለ ምርመራውም መናገር አይጠበቅብሽም። "ጭንቀት በርትቶብኛል፣ ብቻዬን መሆን አልፈልግም" ካልሽ ይበቃል። ሐሳቡ እንዴትና መቼ ወደሚል ከተሻገረ ግን ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሰው ይዘሽ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቀሪው ጽሑፍ የትም አይሄድም። ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከዚህ ዓምድ በፊት ለዓመታት የምርመራ ክፍል ውስጥ አማካሪ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንደ አንቺ ዓይኑ የቀላ ብዙ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከዚያ ልምድ ተነስቼ አንድ ነገር ልንገርሽ። የያዝሽው ሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ቫይረሱ ይኑርብሽ አይኑርብሽ የሚለው ነው። እሱን ደምሽ ይመልሰዋል፣ ቀኑ ሲደርስ። ሁለተኛው ጭንቀቱ ነው። እሱ ምርመራ አይፈልግም፤ ዛሬ፣ አሁን፣ በእርግጠኝነት ይዞሻል። ያጠፋሽ ደግሞ ሁለቱን መደባለቅሽ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሁለተኛው እየመለስሽው ነው፤ "እንዲህ የፈራሁት ቢኖርብኝ ነው" እያልሽ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ላቦራቶሪ ውስጥ አይሠራም።

ስለ አደጋው መጠን በግልጽ እናውራ። አንዲት ሴት ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ከማይወስድ ወንድ ጋር አንድ ጊዜ ያለ ኮንዶም በብልት በኩል ግንኙነት ብታደርግ፣ የመያዝ ዕድሏ በአማካይ ከ10,000 ውስጥ 8 ገደማ ነው። በፊንጢጣ በኩል ከሆነ ለተቀባዩ ወደ 138 ይደርሳል። አማካይ ነው እንግዲህ። ሰውየው ገና በቅርቡ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ሌላ የአባላዘር በሽታ ወይም ቁስለት ካለባችሁ ከፍ ይላል። ደግሞም ይህ ሁሉ ስሌት ሰውየው ቫይረሱ አለበት ብለን ስንነሳ ነው፤ አንቺ ይህን አታውቂም። "ጤነኛ ነኝ" ያለሽን ግን ከቁም ነገር አትቁጠሪው። ያልተመረመረ ሰው ስለ ደሙ የሚናገረው ነገር የለም። ፈቃደኛ ከሆነ ይመርመር፣ ለራሱም ይጠቅመዋል። የሱ ውጤት ግን ያንቺን አይተካም።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሆኖም ለተጨነቀ ሰው ቁጥር መድኃኒት እንደማይሆን አውቃለሁ። "ከስምንቱ አንዷ እኔ ብሆንስ?" ብለሽ አሁኑኑ ጠይቀሻል። ስለዚህ ወደ ቀኑ እንሂድ።

በስድስተኛው ቀን የተመረመርሽው ዘር በተዘራ ማግስት ቡቃያ ፍለጋ እንደመውጣት ነው። የመረመረሽ ሰው አልዋሸሽም፤ ግን ውጤቱ የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወትሽ እንጂ ስለዚያች ሌሊት አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተው አንቲቦዲ በደም ውስጥ ጎልቶ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ጊዜ ባለሙያዎቹ ዊንዶው ፔሬድ ይሉታል። ርዝመቱ እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል። ከክንድ በሚቀዳ ደም ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራውና አንቲቦዲውንም ፒ24 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲንም (አንቲጅን የሚሉት እሱን ነው) አብሮ የሚፈልገው፣ አራተኛ ትውልድ የሚባለው ምርመራ፣ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይይዘዋል። አንቲቦዲ ብቻ የሚፈልጉት፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚሠሩትና ቤት ውስጥ ራስን ለመመርመር የሚሸጡት አብዛኞቹ ደግሞ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ቀን የተቀመጠው ዘግይቶ ለሚታይባቸው ጥቂቶች ሲባል ነው። ብዙው ሰው ላይ ቀደም ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራው። ዛሬ 33ኛ ቀንሽ ነው። ነገ ሂጂና መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ "ይህ ምርመራ አንቲቦዲ ብቻ ነው ወይስ አንቲጅንም ያያል?" የላቦራቶሪው አራተኛ ትውልድ ከሆነና ኔጋቲቭ ከወጣ፣ ገና ያልተዘጋ ቢሆንም በጣም ጥሩ ዜና ነው። 45ኛው ቀን ሲያልፍ ደግመሽው ኔጋቲቭ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። እሱም ከ12 ቀን በኋላ ነው፤ እጮኛሽ ሳይመለስ ትደርሺበታለሽ። ያገኘሽው የጣቱ ፈጣን ምርመራ ብቻ ከሆነም ነገ ተመርመሪ፣ መዝጊያው ግን 90ኛው ቀን ነው። አንዳንድ ተቋማት ለማንኛውም ሰው ሦስት ወር የሚል መመሪያ አላቸው። ባለሙያው የሚሰጥሽን ቀጠሮ ያዢ። በመሀል ግን ምርመራ የለም! በየሦስት ቀኑ ጣትሽን ብትወጊ ደምሽ ቶሎ አይናገርም፣ ፍርሃትሽን ብቻ ትቀልቢዋለሽ።

ስለ 72 ሰዓቱ፦ አምልጦሻል። ኮንዶም የተቀደደበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እርግዝናን ነው፤ በዚህ ራስሽን አትክሰሺ። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልናገር። ፔፕ የሚባለው መድኃኒት ከአደጋው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን በየዕለቱ የሚወሰድ ነው። ሰዓት በገፋ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። "እስኪ ነገ አየዋለሁ" አይባልም፣ እንዲያውም ያኑ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሄዶ መጠየቅ ነው።

ወደ ምልክቶችሽ። እውነት ነው፣ ቫይረሱ የያዛቸው ብዙ ሰዎች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ጉንፋን የመሰለ ነገር ይሰማቸዋል፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዕጢ ማበጥ፣ ሽፍታ፣ ቁርጥማት። ምንም ሳይሰማቸው የሚያልፍም ብዙ ናቸው። ችግሩ ይኸው ነው። ተራ ጉንፋንም ያንኑ ያመጣል። ጭንቀት ደግሞ በፈንታው ላብ ያመጣል፣ ልብ ያስመታል፣ ሆድ ያላላል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አንድ ወር ሙሉ ሳይበላና ሳይተኛ የከረመ ሰው ኪሎ ቢቀንስ ምን ይገርማል? ስለዚህ ምልክት ቢኖርሽም "አለብኝ" አያሰኝም፣ ባይኖርሽም "የለብኝም" አያሰኝም። ትኩሳት ካለሽ ሐኪም ይይሽ፤ ስለዚያች ሌሊትም ንገሪው። በመስታወት ፊት ግን በሽታ አይመረመርም።

አንገትሽን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትዳብሺው? አልጻፍሽልኝም፣ ግን እገምታለሁ። በጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ መጸዳጃ ቤት በሩን ዘግተሽ፣ ሥራ ላይ ሰው ዞር ሲል፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ። በሁለት ጣት ከመንጋጋሽ ሥር ጫን፣ ግራውን ከቀኙ ማስተያየት፣ እንደገና ጫን። ማንም ሰው አንገቱ ላይ ዕጢ አለው። ከሲታ ሰው ላይ ደግሞ በቀላሉ ይዳሰሳል። ቀኑን ሙሉ ሲጨመቅ የዋለ ቦታ ማታ ቢያምሽ ምን ይደንቃል? ያመመሽን ደግሞ "ይኸው አበጠ" ብለሽ ሌሊቱን ስልክሽ ላይ ትፈልጊዋለሽ። ምላስሽንም በስልክ መብራት እያየሽ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ይህን የማያደርግ ተጨናቂ አላየሁም።

ስልኩን በሚመለከት፦ ሌሊት ላይ "33 ቀን ሽፍታ" ብለሽ ስትፈልጊ የምታገኚው በፍርሃት ላይ ሳሉ የጻፉ ሰዎችን ነው። ኔጋቲቭ ሆኖ ቤቱ ገብቶ የተኛ ሰው መጥቶ አይጽፍም። አንዱን መልስ አግኝተሽ ለአምስት ደቂቃ ትተነፍሻለሽ፤ ከዚያ "ግን እኮ…" ትላለች ልብሽ፣ ሌላ ገጽ ትከፍቻለሽ። ፍለጋው እፎይታ የሚሰጥ እየመሰለ ጭንቀቱን ያደልበዋል።

ታዲያ እስከ ቀኑ ምን ይደረግ? "አትጨነቂ" አልልሽም። ተብሎ የተወ ሰው የለም። ይልቅ ለጭንቀቱ ሰዓት ስጪው። ከሰዓት በኋላ፣ እንቅልፍ ከሚቃረብበት ጊዜ ራቅ አድርገሽ፣ 20 ደቂቃ። የመጣልሽን ፍርሃት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊው። በሌላ ሰዓት ሲመጣ "ሰዓትህ አልደረሰም" በይው። ሲያነቡት ሞኝነት ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ፤ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በደንብ የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ስልክሽ ማታ ከመኝታ ክፍልሽ ውጭ ይደር፤ ለማንቂያ ደወል ነው እንዳትዪኝ፣ ሰዓት ግዢ። እንቅልፍ ሳይወስድሽ ከ20 ደቂቃ በላይ ከተገላበጥሽ ተነሺ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት የሚያሰለች ነገር ሥሪ፣ ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። ልብሽ ሲመታ አየር የምታስወጪበትን ከምታስገቢበት አስረዝሚው። አንገትሽን መንካት የተከለከለ ነው። መተው ካቃተሽ መጀመሪያ በቀን ወደ አንዴ አውርጂው። እንቅልፍ አልባው ሌሊት ከቀጠለ ሐኪምሽን ለዚያው ብለሽ አነጋግሪ፤ ምርመራውን መጠበቅ የለበትም።

የምርመራውን በር ፈርተሽ እንደተመለስሽ ጽፈሻል። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ክፍል ነውና ውስጡን ላሳይሽ። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጓንት የያዘ ካርቶን፣ የመርፌ መጣያ ቢጫ ሳጥን። አማካሪው ለምን እንደመጣሽ ይጠይቅሻል። እስኪ ተናዘዢ የሚልሽ የለም፤ "ኮንዶም ተቀዶብኝ፣ 34 ቀን ሆነኝ" ይበቃል። የጣቱ ምርመራ ከሆነ የጣትሽን ጫፍ በአልኮል ይጠርገዋል፣ በትንሽዬ መርፌ ጠቅ ያደርገዋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ይጠርግና ሁለተኛዋን ይወስዳል። ደሟ የፕላስቲክ ቁራጯ ላይ ትነጠባለች፣ በላይዋ ላይ ፈሳሽ ጠብ ይደረጋል፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጥበቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢልኝ። ቁራጯ ላይ "ሲ" የተጻፈበት ቦታ አለ። እዚያ ሁልጊዜ መስመር ይወጣል፣ መውጣትም አለበት፤ ምርመራው መሥራቱን የሚያሳይ ነው። ስንት ሰው ያቺን መስመር አይቶ ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል አይቻለሁ መሰለሽ! "ሲ" ላይ ብቻ ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። ሁለት መስመር ከሆነ፣ አንዱ ደብዛዛ ቢሆንም እንኳ፣ ሪአክቲቭ ይባላል። "ሲ" ላይ ምንም ካልወጣ ምርመራው አልሠራምና በሌላ ይደገማል። ብቻሽን ቁራጯ ላይ ከምታፈጪ ግን ከአማካሪው ጋር አውሪ፣ ሰዓቱ ቶሎ ይሄዳል።

የማውቀው ሰው ቢያየኝስ ብለሽ ከሆነ የሸሸሽው፣ እዚያ ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሰው በሙሉ በአንቺ ምክንያት አልመጣም። አንዳንድ ቦታ በስም ፈንታ በኮድ የሚመረምሩ አሉ፣ ደውለሽ ጠይቂ። ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ እሷም ትመርመር። በዚያው ቂጥኝን፣ ጨብጥን፣ ክላሚዲያንና ሄፓታይተስ ቢን ጠይቂ። ኮንዶሙ የተቀደደው ለኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። እነዚህ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ይከርማሉ፤ አብዛኞቹ በመድኃኒት ይድናሉ፣ ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለው።

ሪአክቲቭ ከወጣስ? ያንን በር ዘግቼ አላልፍም፤ የፈራሽው እሱን ነውና። አንድ ሪአክቲቭ ውጤት ብቻውን ፖዘቲቭ አያሰኝም። በሌሎች ምርመራዎች መረጋገጥ አለበት። ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ያኔውኑ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በሳምንት ውስጥ ይጀመራል። ለብዙ ሰው በቀን አንድ ኪኒን ነው። በአግባቡ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ይደርሳል። እዚያ ደርሶ የቆየ ሰው ደግሞ በግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ይህ ለማጽናናት የሚወራ ወሬ አይደለም። ፓርትነር የተባለው ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውንና መድኃኒት የሚወስዱ ጥንዶችን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲወጣ፣ ያለ ኮንዶም ከተደረጉ 58,000 ገደማ ግንኙነቶች ውስጥ ከዚያ ከታከመው ሰው ወደ ጥንዱ የተላለፈ አንድም አልተገኘም። በጊዜ መድኃኒት የጀመረ ሰው ከሌላው ሰው ያልተናነሰ ዕድሜ ይኖራል፣ ይወልዳል፣ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ሆኖ ይወለዳል። አንቺ የምትፈሪው ኤች አይ ቪ ከ1996 በፊት የነበረውን ነው፤ ጥምር መድኃኒቶቹ ያልመጡበትን ዘመን።

መዝጊያው ቀን አልፎ ኔጋቲቭ ከሆንሽስ? ማመን አለብሽ። ይህን የምለው ለብዙዎች ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። "ናሙናው ተቀይሮ ቢሆንስ፣ እኔ የተለየሁ ብሆንስ" እያሉ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጊዜ የሚመለሱ ነበሩ። ያኔ በሽታው ኤች አይ ቪ አይደለም፣ ጭንቀት ነው፤ ራሱን የቻለ፣ የሚታከም። ምርመራ ከመድገም ይልቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዢ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ጥሩ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጸጸት ይገኛል። ተለያይታችሁ ሳለ ከሌላ ሰው ጋር ማደርሽ ያስቀጣኛል ብለሽ የምታስቢ ከሆነ፣ ለዚያ ቅጣት የላቦራቶሪ ወረቀት አይጠበቅም።

የቀረው እጮኛሽ ነው። የዚያን ሌሊት ዝርዝር የመንገር ግዴታ አለብሽ ብዬ አላስብም፤ ያኔ አብራችሁ አልነበራችሁም። ጤናው ግን የሱም ጉዳይ ነው። እንዲህ በይው፦ "ተለያይተን የነበረበት ጊዜ አለ። እኔ እየተመረመርኩ ነው። አንተም ተመርመር፣ እስከዚያ እንጠንቀቅ።" ደብዳቤሽን ሳነብ የገረመኝ ነገር፣ እሱ በእነዚያ ወራት ምን ሲያደርግ እንደነበር አንዴም አለመጠየቅሽ ነው። ክስ አይደለም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ወራት አሳልፋችኋል፣ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ። ቢቆጣ ቁጣው እስኪበርድ ጠብቂው፤ ምርመራውን ግን አታስቀሪ።

መዝጊያው ውጤት እስኪመጣ ወይ ግንኙነት ይቆይ ወይ ኮንዶም ይኑር። ደምም አትለግሺ። ኮንዶሙ እንዳይደገም፣ የማብቂያ ቀኑን እዪ፣ ቦርሳ ወይም ኪስ ውስጥ ሲታሽና ሲሞቅ የከረመውን ጣይው፣ በጥርስ ወይም በመቀስ አትክፈቺው። ሁለት መደረብ ያጠነክራል የሚሉት ስህተት ነው፤ እርስ በርስ ተፋትጎ ይቀደዳል። ቫዝሊንና ዘይት ላስቲኩን ያሳሱታል። ማለስለሻ ካስፈለገ ውሃ ነክ የሆነውን ከፋርማሲ ጠይቂ።